የጤና ኢንፎርማቲክስ ሥልጠና ለሕክምና ባለሙያዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ጤና መኮንኖችና ሐኪሞች "ለጤና መረጃ ሥልጠና ተመርጣችኋል" ሲባሉ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል እነዚህ ናቸው። ገሚሶቹ አዳራሽ ውስጥ እጅ ወጥቶ የሚጠየቁ ናቸው፤ ገሚሶቹ ሻይ ሰዓት ላይ ብቻ። የሻይ ሰዓቶቹ ብዙ ጊዜ ቁም ነገር ስላላቸው አልዘለልኳቸውም።

ሥልጠናው የኮምፒውተር ትምህርት ነው?

አይደለም። ኮምፒውተር መኖሩ አይቀርም፤ ነገር ግን መብራት በማይደርስበት ጤና ኬላም የጤና ኢንፎርማቲክስ ሥራ አለ። ትምህርቱ የሚከተለው እርስዎ ስለ አንዲት ታካሚ የጻፉትን ነገር ነው፦ ከካርዱ ወደ መዝገብ፣ ከመዝገቡ ወደ ታሊ (መቁጠሪያ ቅጽ)፣ ከታሊው ወደ ወርሃዊ ሪፖርት፣ ከዚያም ወደ ወረዳ፣ ወደ ክልልና ወደ ጤና ሚኒስቴር። በየመሸጋገሪያው ምን እንደሚጠፋ፣ ምን እንደሚጨመርና ውጤቱ ተመልሶ ለእርስዎ ክፍል ምን እንደሚጠቅም ማወቅ ነው ዋናው። ሦስት ቀን ሙሉ ኤክሴል ብቻ የሚያሳይ ሥልጠና ከገጠመዎ የኤክሴል ሥልጠና ወስደዋል ማለት ነው። ክፋት የለውም፤ ግን ስሙ ሌላ ነው።

እኔ ሥራዬ ማከም ነው። መረጃው የኤችአይቲዎቹ ሥራ አይደለም እንዴ?

ኤችአይቲው፣ ማለትም የጤና መረጃ ቴክኒሻኑ፣ የሚሰበስበው እርስዎ የጻፉትን ነው። እርስዎ ያልጻፉትን እሱ ከየት ያምጣው? እንዲያመጣ ከተገደደማ ሌላ ችግር ነው።

አንድ በየቦታው የሚታይ ነገር ልጥቀስ። የተኝቶ ሕክምና ካርዶችን ሰብስበው የትንፋሽ ቁጥር የተጻፈበትን ዓምድ ወደ ታች ይመልከቱ። 20፣ 20፣ 20፣ 20። ሙቀት ይለያያል፣ ግፊት ይለያያል፣ ልብ ምት ይለያያል፤ ትንፋሽ ግን የሁሉም ሰው አንድ ነው! ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ አንድ ደቂቃ ቆሞ መቁጠር ጊዜ ይወስዳል፣ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ሰው ሞልቷል። ነገር ግን ታካሚ እየከበደው መሆኑን ቀድመው ከሚናገሩ ምልክቶች አንዱ ትንፋሽ ነው። ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ሲቀየር ያ 20 አብሮ ይገባል፤ የአደጋ ምልክት እንዲያሰላ የተሠራ ሶፍትዌርም "ሁሉም ደህና ናቸው" ይላል። ይህን ሊያስተካክል የሚችለው አልጋው አጠገብ የቆመው ሰው እንጂ ከቢሮ የሚመጣ የመረጃ ባለሙያ አይደለም።

እሺ፣ በተግባር ምን እንማራለን?

ይዘቱ እንደ አዘጋጁ ይለያያል። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው የራስን መዝገብ ከራስ ሪፖርት ጋር አስቀምጦ ማመሳከር ነው። በአገራችን ጤና ተቋማት ለዚህ የሚሠራበት ዘዴ ኤልኪውኤኤስ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ካለፈው ወር ሪፖርት 12 ቁጥሮች በዕጣ ይመረጣሉ፦ የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል፣ በባለሙያ የተደገፈ ወሊድ፣ ፔንታ የሚባለው የሕፃናት ክትባት አንደኛና ሦስተኛ ዙር (ፔንታ 1፣ ፔንታ 3) እያለ ይቀጥላል። ከዚያ መዝገቡ ይከፈትና እያንዳንዱ እንደገና ይቆጠራል።

እንበል ሪፖርቱ የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል 41 ይላል፣ መዝገቡ ላይ ግን 37 እናቶች ናቸው። አራቱ ከየት መጡ? ሠልጣኞቹ መጀመሪያ "ታሊ ላይ ተሳስቶ ነው" ይላሉ። ገጹን ሲገልጡ ግን ለሁለተኛ ክትትል የመጡ እናቶች እንደ አዲስ ታሊ ተደርገው ያገኛሉ። ወይም በረፋዱ ግርግር አገልግሎት አግኝተው መዝገብ ላይ ሳይጻፉ የሄዱ አሉ። የመጀመሪያው ስህተት ቁጥሩን ያሳብጣል፣ ሁለተኛው ደግሞ እናቲቱ በቀጠሮዋ ብትቀር የሚፈልጋት እንዳይኖር ያደርጋል። መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ "ልዩነት አለ" ብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ጽፎ ማለፍ አይበቃም።

ከ12ቱ 11 ከገጠሙ የዘዴው ሠንጠረዥ ትክክለኛነቱን 95 በመቶ ላይ ያስቀምጠዋል፤ 10 ከሆነ 90፣ 9 ከሆነ 85። ቁጥሩ 11ን ለ12 በማካፈል የመጣ አይደለም፤ በትንሽ ናሙና ለመወሰን አስቀድሞ የተሰላ ሠንጠረዥ ነው። ይህን የማያውቅ ሠልጣኝ "92 መሆን የለበትም ወይ?" ብሎ አሠልጣኙን ያፋጥጣል፤ አሠልጣኙም ሁልጊዜ መልስ አይኖረውም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥሩን መጠቀም ነው። ፔንታ 1 የወሰዱ ሕፃናት 80፣ ፔንታ 3 የወሰዱ 60 ከሆኑ 20ው መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ የማቋረጥ ምጣኔው 25 በመቶ ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ ችግር አለ ተብሎ ይወሰዳል። የማቋረጥ ምጣኔ ጥሩነቱ የሕዝብ ብዛት ግምት አለመፈለጉ ነው። ሽፋን ሲሰላ አካፋዩ ግምት ስለሆነ 112 በመቶ የሚባል ሽፋን ይወጣና ሰው ይስቃል፤ እዚህ ግን ሁለቱም ቁጥሮች የእርስዎ ናቸው። ክትባቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ስለሚሰጥ ሕፃናቱ የቀሩት ከሁለተኛው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን መዝገቡ ራሱ ይነግርዎታል። ስማቸውም እዚያው አለ።

የሪፖርት ወር ለምን ከ21 እስከ 20 ሆነ?

የአንድ ወር ሪፖርት ካለፈው ወር 21 ቀን ጀምሮ እስከ ወሩ 20 ያለውን አገልግሎት ይይዛል። ከወሩ ማብቂያ በፊት ተቆጥሮ፣ ተጣርቶና ተፈርሞ ለመላክ ጥቂት ቀናት እንዲተርፉ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ጳጉሜን ነው። የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ስለሚሄድ ጳጉሜን በሆዱ ይይዛል፤ 35 ቀን ይሆናል ማለት ነው፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ 36። ስለዚህ በክፍልዎ ምንም ሳይለወጥ የመስከረም ቁጥር ከሌላው ወር አንድ ስድስተኛ ያህል ከፍ ሊል ይችላል። ግራፍ ላይ ያቺ ጉብታ ስትታይ "የንቅናቄያችን ውጤት" ተብላ ስትጨበጨብላት ማየት የተለመደ ነው። ሥልጠና ላይ ይህን አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አይሸወድም።

ዲኤችአይኤስ 2 ላይ እኔም መግባት አለብኝ?

ቁጥር ለማስገባት ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ለማየት ግን አዎ። ዲኤችአይኤስ 2 በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የጤና ሪፖርት ማስገቢያና መመልከቻ ሥርዓት ነው፤ በበርካታ አገሮች ይሠራበታል፣ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርም ይቀበላል። የክፍል ኃላፊ ከሆኑ የመመልከቻ ፈቃድ ይጠይቁ። ቁጥሩን አስገብቶ ከመላክ ሌላ ማንም ተመልሶ የማያየው ከሆነ ሥርዓቱ ከፖስታ ቤት የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው።

በየወሩ የሚሰበሰበው የአፈጻጸም ክትትል ቡድን፣ ሁላችንም ፒኤምቲ የምንለው፣ የተቋቋመውም ለዚህ ነው። ከሕክምና ክፍሎች ሰው የማይገኝበት ፒኤምቲ ስለ ቁጥር ያወራል እንጂ ስለ ታካሚ አያወራም።

የበሽታ ምደባ ኮድ ለምን ያስፈልገናል? ምርመራውን ጽፈናል አይደል?

"ኤኤፍአይ" (ድንገተኛ የትኩሳት ሕመም) ብለው ከጻፉ ገና አልጻፉም። ትኩሳት ያለበት ሁሉ በዚህ ስም ሲገባ ወባው፣ ግርሻው፣ ታይፎይዱና ታይፈሱ አንድ ከረጢት ውስጥ ይጠፋሉ። ወረዳው በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ምን መድኃኒትና ምን መመርመሪያ እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው ከዚህ ስለሆነ፣ ዛሬ በአጭሩ ያለፉት ምርመራ ነገ "መመርመሪያው አልቋል" ሆኖ ይመጣብዎታል። ጊዜ ከሌለዎት ቢያንስ በላቦራቶሪ የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው ይለዩ።

ዓለም አቀፉ ምደባ 11ኛ እትሙ ላይ ደርሷል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2019 እ.ኤ.አ. አጽድቆት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። አገር ውስጥ ክፍሎች የሚጠቀሙት ከዚያ ተመጥኖ የተዘጋጀ አጭር ዝርዝር ነው። ሙሉውን መሸምደድ አይጠበቅብዎትም፤ ክፍልዎ በብዛት የሚያያቸውን ሕመሞች ለይቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለአብዛኛው ቀን ይበቃል።

ኢኤምአር (የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ) ሲገባ ሥራ ይቀላል ወይስ ይበዛል?

መጀመሪያ ይበዛል። "ይቀልላችኋል" ብሎ የሚጀምር አሠልጣኝ በሁለተኛው ሳምንት አመኔታ ያጣል። እውነቱ ሥራ የሚበዛው በኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን ወረቀቱም ሳይቆም ስለሚቀጥል ነው። ያው ታካሚ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ስክሪን ላይ ይጻፋል። ስለዚህ በሥልጠናው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ የመጠየቅ ዕድል ካለዎት "ወረቀቱ የሚቆመው መቼ ነው?" ብለው ይጠይቁ። ቀን ካልተቆረጠለት አይቆምም።

ጥሩ ሥልጠና በተጨማሪ ሦስት ነገር ያስለምዳል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚሞላው ቅጽ የት እንዳለና ሲመለስ ማን እንደሚያስገባው፤ የትናንትናውን ማስታወሻ ገልብጦ መለጠፍ እንዴት የሞተ መረጃ እንደሚያራባ፤ እንዲሁም ታካሚው እያወራ ዓይን ስክሪን ላይ አለመተከሉን። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። የጤናው ዘርፍ የ2008–2012 ዓ.ም. የለውጥ ዕቅድ አራት የለውጥ አጀንዳዎች ነበሩት፤ አንዱ የመረጃ አብዮት፣ ሌላው ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራት። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ የሚጋጩት እዚህ ጋ ነው። ስክሪኑን ወደ ጎን ማዞር፣ ታካሚው የሚጻፈውን እንዲያይ ማድረግ፣ መጀመሪያ አድምጦ ከዚያ መጻፍ፣ እነዚህን ወንበር ላይ ተቀምጦ መለማመድ ያስፈልጋል፤ በስላይድ አይገባም።

ኮምፒውተር ብዙም ነክቼ አላውቅም፤ ዕድሜዬም ገፍቷል። እችላለሁ?

ይችላሉ። ስልክዎ ላይ ቴሌግራም የሚጠቀሙ ከሆነ ለመሙላት የሚያስፈልገውን ብልሃት በአብዛኛው ይዘዋል። ትየባ በልምምድ ይመጣል። እንዲያውም ሃያ ዓመት የሠሩ ሲስተር መዝገቡ ላይ ያለውን የማይመስል ቁጥር በዓይናቸው ይይዙታል፤ ፈጣን ጣት ያለው አዲስ ምሩቅ ግን ላያየው ይችላል። ሁለቱን አንድ ኮምፒውተር ላይ አጣምሮ ማስቀመጥ ካየኋቸው አሠራሮች የተሻለው ነው።

የይለፍ ቃሌን ለባልደረባዬ ብሰጥ ምን ችግር አለው? ተረኛ ስንሆን እንረዳዳለን።

ችግሩ መድኃኒቱን ያዘዘው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ የእርስዎ ስም መውጣቱ ነው። ክስ ቢመጣ መዝገቡ የሚናገረው መለያውን እንጂ መረዳዳቱን አይደለም። ተረኛ ሁሉ የራሱ መለያ እንዲኖረው አስተዳደሩን ይጠይቁ፤ ያልተሰጣችሁ ከሆነ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው።

የቴሌግራም ቡድን ጉዳይም አለ። የራጅ ፎቶ ልኮ ከፍተኛ ሐኪም ማማከር ሕይወት ያድናል፤ አላወግዘውም። ነገር ግን ስም፣ የካርድ ቁጥርና ፊት መሸፈን አሥር ሰከንድ አይፈጅም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ የግል መረጃዎች ውስጥ ይመድበዋል፤ "ለማማከር ነው" ማለት ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም።

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ታብሌት እኔን ይመለከተኛል?

ከኬላ የሚላኩ እናቶችን የሚቀበሉ ከሆነ ይመለከተዎታል። የቤተሰብ ማህደርን ወደ ታብሌት የቀየረው ኢ-ሲኤችአይኤስ ኔትወርክ በሌለበት ተሞልቶ ሲገኝ ይላካል። ስለዚህ ሪፈር የተደረገች እናት እርስዎ ጋ ደርሳ መረጃዋ ግን ገና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የወረቀቱን ሪፈር አይናቁ፤ የሆነውንም መልሰው ይላኩላቸው። ኤክስቴንሽኖቹ በብዛት የሚያማርሩት "ልከን ምን እንደሆነች አናውቅም" ብለው ነው።

እውነቱን እንነጋገር፤ ሰው የሚሄደው ለአበል አይደለም?

ይህ የሻይ ሰዓት ጥያቄ ነው። አንዳንዱ አዎ፣ እና በደመወዙ ሲታይ አይፈረድበትም። ግን ጥፋቱ ከሠልጣኙ ይልቅ የሥልጠናው አቀራረብ ላይ ነው። ሌላ ከተማ ሆቴል ውስጥ፣ የሌላ ተቋም ናሙና መረጃ ይዞ፣ የሚሠራውን ሳይሆን የተገኘውን ሰው ጠርቶ አምስት ቀን ማስተማር ሰኞ ዕለት ምንም አይለውጥም። የሠለጠነው ሰው ተመልሶ ሲመጣ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ ቦታውን የያዘው ደግሞ ያልሠለጠነ ይሆናል።

የተሻለው በሥራ ቦታ የሚሰጠው ነው። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳና መቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሆነው የጀመሩት የአቅም ግንባታና ሜንቶርሺፕ መርሐ ግብር ሐሳቡ ይኸው ነበር፦ መምህሩ ወደ ጤና ጣቢያው ይሂድ፣ መዝገቡ ላይ አብሮ ይቀመጥ፣ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይይ። አበሉ ያንሳል፣ ትምህርቱ ይበልጣል።

ሥልጠና ሲጠሩዎት አዘጋጁን እንዲህ ይጠይቁት፦ የራሴን ተቋም መረጃ ይዤ ልምጣ? ከሥልጠናው በኋላ ማን መጥቶ ያየኛል? "አያስፈልግም" እና "እናያለን" የሚሉ መልሶች ካገኙ ምን እንደሚጠብቅዎ ያውቃሉ።

በዚህ ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ። ሕክምናውን ትቼ ልግባ?

ጎንደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች በጤና ኢንፎርማቲክስ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ጅማ ደግሞ በጤና ክትትልና ግምገማ ይታወቃል። የመጀመሪያው ወደ ሥርዓትና ሶፍትዌር፣ የኋለኛው ወደ ፕሮግራምና አፈጻጸም ያደላል። መግቢያ መስፈርቱ ስለሚቀያየር ከሬጅስትራር ያጣሩ። ሕክምናውን ሙሉ በሙሉ መተው ግን አልመክርም። ፕሮግራመር በቀላሉ ይገኛል፤ ማዋለጃ ክፍል በሌሊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ፕሮግራመር ግን አይገኝም። ዋጋዎ ያ ነው።

አሜሪካ ያለሁ ነርስ ነኝ። በዚህ መስክ መግባት እችላለሁ?

መንገዱ ሰፊ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ሆስፒታሎች ኤሌክትሮኒክ መዝገብ እንዲይዙ ገንዘብ ካፈሰሰ ወዲህ በክሊኒካል ኢንፎርማቲክስ የሚሠሩ ነርሶች በየሆስፒታሉ አሉ። ብዙዎቹ የጀመሩት በክፍላቸው "ሱፐር ዩዘር" ሆነው ነው፦ አዲስ ሥርዓት ሲገባ ባልደረቦቻቸውን ለመርዳት ፈቃደኛ የሆኑ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ነርሶች የምስክር ወረቀት ማዕከል በነርሲንግ ኢንፎርማቲክስ የሚሰጠውን ፈተና መውሰድ ይቻላል፤ የነርስ ፈቃድ፣ የመጀመሪያ ዲግሪና የሥራ ልምድ ይጠይቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። "የኤፒክ ሰርተፊኬት እናስወስዳለን" እያሉ በማኅበረሰባችን ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቁ ካጋጠሙዎት ይጠንቀቁ። ኤፒክ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሶፍትዌር ነው፤ ትክክለኛ የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት በተለምዶ ሶፍትዌሩን የሚጠቀም ሆስፒታል ወይም አማካሪ ድርጅት ስፖንሰር ሊያደርግዎት ይገባል። ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን የነርሲንግ ኃላፊ ያነጋግሩ።

ተራዬ እስኪደርስ ምን ልሥራ?

አንድ ጓደኛ ይዘው ከሰዓት በኋላ ታካሚ ሲቀንስ ያለፈውን ወር ሪፖርት ቅጂ ከኤችአይቲው ይቀበሉ። 12 ቁጥር በዕጣ ያውጡ። መዝገቡን ከ21 ጀምሮ እስከ 20 ቀን ይቁጠሩ፤ አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ይጻፍ። ያልገጠሙትን ለይተው ምክንያታቸውን እዚያው ገጹ ላይ ይፈልጉ። ለማንም ሪፖርት ማድረግ የለብዎትም፤ ለሚቀጥለው ፒኤምቲ ግን ወረቀቱን ኪስዎ ውስጥ ይዘው ይግቡ።